«አባቴን ሲኒማ ልውሰደው ወይስ ይቅር?»

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅናተኛ እጮኛ ያነሳነው ጉዳይ ብዙዎቻችሁን አነጋግሯል መሰለኝ ስልኬ አላረፈም። እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ዛሬ ወደ አንዲት ደብዳቤ ልውሰዳችሁ። ደብዳቤ ስላችሁ የእውነት ደብዳቤ! በዚህ በቴሌግራም ዘመን በደብተር ወረቀት ተጽፎ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ በአውቶቡስ ተሳፋሪ እጅ ከነገሌ ቦረና ድረስ የመጣ። እኔም የነገሌ ልጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ገና ሳልከፍተው ቀዩ አፈራችን ሸተተኝ።

ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ስሟን እንዳልጠራ አደራ ብላለች፤ እኔም አደራ በላ አይደለሁም። አንዳንዱን አሳጥሬ እንዲህ አቅርቤዋለሁ፤

«አባዬ ዕድሜው ወደ ሰባ ይጠጋል። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ በኋላ ሾፌር ሆነ። እማዬ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። እሷ ከሄደች ወዲህ አባዬ ዝም ብሏል። ይበላል፣ ይተኛል፣ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን መኪና ያያል፤ በቃ። አንዳንዴ ብቻ ቡና ስናፈላ ድንገት ‹አምባሳደርን አንዴ ባየሁት› ይላል። አምባሳደር የሚለው አዲስ አበባ ያለውን ሲኒማ ቤት ነው። ድሮ መርካቶ ጭነት ሲያራግፉ አዲስ ከተማ ሲኒማ እየገባ ብዙ ፊልም አይቷል፤ እናትየዋ ልጇን የምትገድልበትን የህንድ ፊልም ሲያወራ እስካሁን ዕንባው ይመጣል። አምባሳደር የገባው ግን ከእማዬ ጋር አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በተጋቡ በወራቸው።

እማዬ ሲኒማ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ወንበሩ ሰው ሲነሳ ራሱ የሚታጠፍ ዓይነት ነው አሉ። ለአንድ ሰው መንገድ ልትሰጥ ብድግ ብላ ስትመለስ ወንበሩ ታጥፎ ጠበቃትና ዘጭ! ነጠላዋን እንደለበሰች መሬት ላይ። ፊልሙ አልቆ በሰዓት እላፊ ፍርሃት ወደ አልጋ ቤታቸው ሲሮጡ ሁሉ እየሳቁ ነበር። እቤታችን ይህቺ ወሬ ያልተወራችበት በዓል የለም። እማዬ ‹ሆን ብሎ ወንበሩን ያጠፈብኝ አባታችሁ ነው› ትላለች፤ እሱ ይምላል ይገዘታል። አሁን የሚከራከረው ሰው የለውም።

ወንድሞቼ ‹ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ሽማግሌ ይዘሽ ለወንበር ልትሄጂ ነው?› እያሉ ይስቁብኛል። ትልቁ ደግሞ ‹ፒያሳው ፈርሷል፣ ከተማው ተቀያይሯል፣ ልቡን ልትሰብሪው ነው› ይለኛል። እኔ ግን ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ። ምን ትመክረኛለህ? አባቴን ሲኒማ ልውሰደው ወይስ ይቅር?»

እህቴ፣ መልሴን ወደ መጨረሻው ላይ ታገኚዋለሽ፤ ዘለሽ እንዳትሄጂ ግን! «ለወንበር» የሚለው የወንድሞችሽ ነገር አናዶኛል። በእርግጥ አይፈረድባቸውም። የእኛ ዕድሜ ሰው ሲኒማ ሲባል ትዝ የሚለው ስልኩ ላይ በጣቱ እያሳለፈ የሚያየው ነገር ነው። እኔም ሠላሳ ገና ስላልሞላኝ ትልልቆቹን ሲኒማ ቤቶች የደረስኩባቸው በጅራታቸው ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሽማግሌ ሳስጨንቅ ከረምኩ። በተለይ በተከራየሁበት ግቢ ያሉ አንድ አባት በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ባትሪ ያዥ ነበሩ። ባትሪ ያዥ ማለት መብራት ከጠፋ በኋላ ዘግይቶ የሚገባውን ሰው በባትሪ እየመሩ ቦታው ላይ የሚያስቀምጡት ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ጨዋታ ብዙው የሳቸው ነው።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ታሪክ። ሲኒማ አገራችን ሲገባ ስሙ አያምርም ነበር። በድሮዋ አዲስ አበባ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነው። ግድግዳ ላይ ፈረስ ሲጋልብ፣ ሰው ሲስቅ፣ መብራት ሲበራ ደግሞ ሁሉም ድራሹ ሲጠፋ… ሰይጣን ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ባያቶቻችን እንዳትስቁ። ዛሬም ልጁ ስልክ ላይ ሲያፈጥ ያየ ወላጅ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ለራሱ ሰዎች መዝናኛ ብሎ በያዛቸው ከተሞች ሲኒማ ቤት ሠርቷል። ጎንደር ፒያሳን ያየ ያውቀዋል። አስመራ ላይ በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ ዛሬም ፎቶው በዓለም ይዞራል። እኛው ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር የዚያን ዘመን መልክ ይዘው የኖሩ ቤቶች ናቸው። የሚገርመው ግን በፋሺስቱ የዘር ሕግ ነጭና ሐበሻ አንድ ላይ ተቀምጦ መዝናናት አይፈቀድለትም ነበር። ቤቱን የሠራው አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው ወንበሩ ለሁላችን የሆነው።

ብሔራዊ ትያትር ራሱ መነሻው ሲኒማ እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ጣሊያን «ሲኒማ ማርኮኒ» ብሎ ጀምሮት ሳይጨርሰው ተባረረ። ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት እንደገና ነድፎት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ተብሎ ተከፈተ። በምረቃው የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነው። ከፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳም የዚያው ኢዮቤልዩ ነው። እንግዲህ ፒያሳ ሁለቱ፣ ወረድ ሲሉ ብሔራዊ፣ ከብሔራዊ ብዙም ሳይርቅ አምባሳደር፣ ተክለ ሃይማኖት በኋላ ራስ ትያትር የሆነው ራስ ሲኒማ፣ መርካቶ አዲስ ከተማ። የከተማው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ማወቅ ሲፈልግ «የት ነው ፊልም የምታየው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር አሉኝ ባትሪ ያዡ።

አዲስ ከተማ የነጋዴው፣ የተሸካሚው፣ የረዳትና የሾፌሩ ነው። መኪናህን አራግፈህ፣ እጅህን ታጥበህ ትገባለህ። እዚያ ንጉሡ ህንድ ነው። የአባትሽን ዕንባ ያመጣው ፊልም «ማዘር ኢንዲያ» መሆን አለበት፤ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ መህቡብ ኻን ያዘጋጀው፣ ናርጊስ የምትባለው ተዋናይት እናት ሆና የምትሠራበት። አራጣ አበዳሪ ቤቷን ያራቆታት ሴት ልጆቿን በእርሻ ታሳድጋለች፤ አንዱ ልጇ ይሸፍታል፤ በመጨረሻ የአራጣ አበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ቀን ነጥቆ ሊጋልብ ሲል እናቱ ራሷ ተኩሳ ትጥለዋለች። ስለ ዕዳ፣ ስለ ረሀብ፣ ስለ ሴት ልጅ ክብር። ድርቅ ከብት ሲጨርስ ያየ የቆላ ልጅ ይህን ለመረዳት ህንድኛ ማወቅ አለበት እንዴ? አዲስ ከተማ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ ሁሉንም ይሰማ ነበር።

አምባሳደር ግን ሌላ ነው። አምባሳደር ይለበስለታል! ባትሪ ያዡ እንዳጫወቱኝ ሰው ሲኒማ ሊገባ ገላውን ይታጠባል፣ ጫማውን ያስጠርጋል። ሊስትሮዎች ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚኮለኮሉት ለዚያ ነው። ወንዱ ቤልቦተም ሱሪውን አስተኩሶ፣ አፍሮውን አበጥሮ። ሴቷ ፀጉሯን ተሠርታ። መስታወት ውስጥ የተለጠፉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አይተህ፣ «በቅርብ ቀን» የሚለውን አንብበህ፣ ለቅርብ ቀኑም ከአሁኑ ገንዘብ መቋጠር ትጀምራለህ። በር ላይ ኮሎና ሱፍ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ እናቶች አሉ። ባትሪ ያዡ የሱፍ ቅርፊት ሲጠርጉ አምሽተው ነው መሰለኝ እስካሁን ሱፍ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል።

ታዲያ ከላይ፣ ከተመልካቹ ጭንቅላት በላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ውስጥ ሌላ ዓለም ነበር። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ጥቅል ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ቢሄድ ነው። ስለዚህ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል፤ አንደኛው ሊያልቅ ሲል በስተቀኝ በላይኛው የሸራው ጥግ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ኦፕሬተሩ እሷን አይቶ ሁለተኛውን ያስነሳል። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። ኦፕሬተሩ ካንቀላፋ ግን ሸራው ነጭ ይሆናል፤ ያኔ ፉጨት ነው፣ ጩኸት ነው፣ ወንበር መደብደብ ነው! «አክተሩን የት አደረስከው?» አክተሩ እንደማይሞት ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ይጨነቃል።

አሁን ወደ ዓምዳችን ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ፍቅሩ። «ሲኒማ ልጋብዝሽ» ማለት በዚያን ጊዜ ቀልድ አይደለም። ቡና እንጠጣ እንደማለት አይደለም። ልጅቷ «እሺ» ካለች ከነገ ጀምሮ ሰፈሩ ሁለታችሁን አንድ ላይ ይጠራል። እናቷ ከፈቀደችም ብቻዋን አትልካትም፤ ታናሽ ወንድሟን ታስከትላለች። ልጁ ሦስት ቲኬት ይቆርጣል፤ ሦስት ኮሎ ይገዛል፤ ከዚያም ያ ጉድ የሆነ ታናሽ ወንድም መሐል ላይ ሄዶ ይቀመጣል! ባትሪ ያዡ ሲያወሩት እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለአንዳንዱ እኔ ነኝ የማዝንለት» አሉኝ፤ «ትንሹን ልጅ ‹ና አንተ፣ ከፊት ሆነህ በደንብ ይታይሃል› ብዬ በባትሪዬ እመራዋለሁ። ስንት ትዳር አለ መሰለህ በዚች ባትሪ የቆመ!» የኋላ ረድፍ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ባትሪያቸውን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጉ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቷችኋል።

ፊልሙ ሲያልቅ አቅም ያለው ፒያሳ ኤንሪኮ ኬክ ቤት ይወስዳታል። አቅም የሌለው በእግሩ ይሸኛታል። እግረ መንገዳቸውን ስለ ፊልሙ ያወራሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሁለት የማይተዋወቁ ወጣቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው «እሺ፣ ስለራስሽ ንገሪኝ» ከሚባባሉ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ነገር አይተው ስለዚያ ነገር ቢያወሩ ስንት ጭንቀት ይቀንሳል! ልጁ አክተሩን ከሰደበ ታውቀዋለህ፤ ልጅቷ ለማን እንዳለቀሰች ካየህ ታውቃታለህ። ለዚህ ዓምድ ከሚጽፉልኝ ግማሾቹ «ምን ብዬ ላውራት?» የሚሉ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያወሩትን የሚሰጣቸው ቤት ነበራ!

እንግዲህ የነገሌ ሰው ስለሆንኩ አንዲት ነገር ሳልናገር አላልፍም። የታሪክ መጻሕፍት ነገሌን የሚያነሷት በጥር 1966 ዓ.ም. ነው። እዚያ የነበረው ጦር በሚበላውና በሚጠጣው ነገር ተማሮ ያመፀው፣ ሊያነጋግራቸው የመጡትንም ጄኔራል ይዘው የሚበሉትን ያበሏቸው፣ የሚጠጡትንም ያጠጧቸው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ አብዮት፣ ደርግ፣ ውርስ፣ ሰዓት እላፊ። ሲኒማ ቤቶቹ የመንግሥት ሆኑ፤ የማታውን ፊልም የሚያይ ሰው ግማሽ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ሆነ። የአዲስ አበባን የሲኒማ ምሽት ያሳጠረው ነገር አንዱ ጫፍ እኛ አገር ነው የተለኮሰው ብል አልዋሸሁም። አባትና እናትሽ በሳቅ እየተንፈራፈሩ በሰዓት እላፊ የሮጡት በዚያ በተለወጠው ከተማ ውስጥ ነው። ያም ሆኖ ገቡ፤ ያም ሆኖ ሳቁ። ይኼ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቪዲዮ ነው። እኔ በልጅነቴ የማውቀው ሲኒማ የነገሌው ቪዲዮ ቤት ነበር። የቆርቆሮ ቤት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን የምንቀመጥበት። ውጪ ጄኔሬተር ይንኳኳል። ሙቀቱን ተዉት! አንድ ብር የሌለው በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያል፤ ቀዳዳው ራሱ ተራ አለው። ፊልሙ መሀል ሲደርስ ባለቤቱ አጥፍቶ «ያልከፈለ አለ» ብሎ እንደገና ይሰበስባል፤ የከፈለም ድጋሚ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። ቫን ዳምን፣ ራምቦን፣ አሚታብ ባቻንን ያወቅኩት እዚያ ነው። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ዛሬ ሳስበው እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ሴት አይቼ አላውቅም። አንድም! ቪዲዮ ቤት ታየች የተባለች ልጅ ስሟ አለቀ ማለት ነው። ጫት፣ ሲጋራ፣ ስድብ፤ ወንድሟ ካገኛት ይደበድባታል። የእህቴ ጓደኞች ፊልም የሚያዩት ሀብታም ጎረቤት በሩን ሲከፍትላቸው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰዎች «ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ቢዳከሙ ምን አለ፣ ፊልሙ እንደሆነ በየቤቱ አለ» ሲሉኝ አልስማማም። ፊልሙ አለ። የጠፋው አንዲት ሴት ነጠላዋን ለብሳ፣ ከባሏ ወይ ከጓደኛዋ ጋር፣ በጨዋ ደንብ ጨለማ ውስጥ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። የቆላ ከተሞች ልጆች ይህን የምታውቁት ይመስለኛል። እኛ ጋ ሲኒማ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ከቤት ያልወጡት እህቶቻችን ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመት የአገር ውስጥ ፊልም በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ግን በዲጂታል ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች መጡና እነዚያው አሮጌ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ሰልፍ ተሠራ። አለም ሲኒማ፣ ሴባስቶፖል፣ ቦሌ ኤድና ሞል ያሉት አዳዲሶቹም ተጨመሩ። ትልልቅ እህቶቻችሁን ጠይቁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሰልፍ ላይ የተጠባበሱ ሞልተዋል። ኋላ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ቃና መጣና የቱርክ ድራማ እናቶችን ሁሉ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠ። በ2012 ኮሮና ሲኒማ ቤቶችን ዘጋ። ስልኩም የቀረውን ሠራ።

እኔ ከነገሌ ወጥቼ አዲስ አበባ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ሲኒማ ቤት ገብቼ ነበር። ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ ጣሪያ፣ ሰው ግን ሃያ አይሞላም። ፕሮጀክተሩ የሚያወጣው ምስል ሸራውን አይሞላም፤ ዙሪያው ጥቁር። ትልቅ ሰው የልጁን ኮት የለበሰ ይመስል ነበር። ሆኖም መብራቱ ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ አጠገቤ የማላውቀው ሰው ሱፉን መቆርጠም ሲያቆም፣ ጀርባዬን አንድ ነገር ነዘረኝ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሆኖብኝ አያውቅም። የአባትሽ ነገር የገባኝ ከዚያ ተነስቼ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። እህቴ፣ ውሰጃቸው!

ትልቁ ወንድምሽ ያለው ግን ከንቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል። ራስም አሮጌው ቤት የለም። አባትሽ በጭንቅላታቸው የያዙት ካርታ ከመንገዱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሳይነግሯቸው እዚያ ወስዶ ማቆም ግፍ ነው። ገና ነገሌ ሳላችሁ፣ ቡና ላይ፣ «አባዬ፣ ፒያሳ እኮ እንደድሮው አይደለም» ብለሽ አስቀድመሽ አውሪያቸው፤ የፈረሰውን ይወቁ፣ ቢያዝኑም እቤታቸው ይዘኑ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ማየት ከፈለጉ በቀን፣ ሳይቸኩሉ፣ እሳቸው ሲሉ ብቻ።

መንገዱ ረጅም ነው። ነገሌ፣ ዋደራ፣ አዶላ እያላችሁ በአንድ ቀን አዲስ አበባ እንግባ አትበሉ፤ ሐዋሳ እደሩ። ከመነሳትሽ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ሾፌሮችን ጠይቂ፤ አባትሽም የድሮ ሙያቸው ስለሆነ መጠየቁን ለሳቸው ብትተዪላቸው ደስ ይላቸዋል። ጋቢያቸውን እንዳትረሺ፤ የአዲስ አበባ ብርድ ለቆላ ሰው አይምርም። ከደረሳችሁ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ይረፉ።

እዚህ ያለ ዘመድ ቀድሞ ሄዶ አምባሳደር በዚያ ሳምንት ምን እንዳለና በስንት ሰዓት እንደሚያሳይ ይጠይቅልሽ። ቅዳሜና እሁድ ተይው፤ በሥራ ቀን፣ ከሰዓት። ያን ቀን አምባሳደር ፊልም ካልገጠማችሁ በሩ ላይ ቆመው ያዩትና ወደ ብሔራዊ ትያትር ውሰጃቸው፤ ቅርብ ነው፣ አንበሳውም አለ፣ ትልቅ ቤት ነው። ቦሌ ወዳሉት አዳዲሶቹ እንዳትወስጃቸው ግን። መጥፎ ሆነው አይደለም፤ የሳቸው ትዝታ እዚያ የለም። ቲኬት ስትቆርጪ መተላለፊያው ዳር ያለውን ያዢ፤ የሰባ ዓመት ሰው ሁለት ሰዓት ሳይወጣ ሳይገባ አይቀመጥም፤ እንዳይሳቀቁ ነው። ፊልሙ ቢሰለቻቸው፣ ቢያንቀላፉም ተያቸው። ባዶ ወንበር አጠገባቸው ማስቀመጥ ምናምን የሚለውን የፊልም ነገር ግን አደራ ተይው! አጠገባቸው አንቺ ተቀመጪ፤ ስልክሽንም አጥፊ።

አሁን ደግሞ ዋናው። ደብዳቤሽ ላይ ያለፍሽው አንድ አረፍተ ነገር አለ፤ «አሁን የሚከራከረው ሰው የለውም» ያልሽው። ወንበሩን ያጠፈው ማነው የሚለው ክርክር አርባ ዓመት የቆየ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ አንዱ ተጫዋች ሲሄድ ሌላው ዝም አለ። ብዙ ልጆች አንደኛው ወላጅ ሲሞት በሌላው ፊት ስሙን ማንሳት ይፈራሉ፤ ዕንባ እንዳይመጣ። ዝምታው ሲበዛ ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ሞት ይሆናል። አንቺ የእናትሽን ወገን ያዢ። ወንበሩ አጠገብ ስትደርሱ፣ ወይ ገና አውቶቡስ ውስጥ፣ «ኧረ አባዬ፣ እማዬ እውነቷን ነው፣ ያጠፍከው አንተ ነህ» በያቸው። ይማሉ፣ ይገዘቱ፣ ይቆጡሽም። ቢያለቅሱ አትደንግጪ፤ ውሃ ስጫቸውና ክርክሩን ቀጥዪ።

የባትሪ ያዡን ነገር ደግሞ ነግሬሽ ልጨርስ። ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። «ዘጭ ያለች ሴት ብዙ አይቻለሁ» አሉኝ፤ «ወንበሩ ስፕሪንግ አለው፤ ማንም ሳይነካው ይታጠፋል። ባልየውን ነፃ አውጣው» ብለው ፈረዱ። እንግዲህ ምስክር ተገኝቷል፤ ለአባትሽ መንገር አለመንገሩ የአንቺ ፋንታ ነው። እኔ ብሆን እስኪመለሱ ድረስ አልነግራቸውም።

ለሚስቁት ወንድሞችሽ፤ ካልሄዱ ቢያንስ የመልሱን ትራንስፖርት ይክፈሉ!

ሌሎቻችሁም በእናትና አባታችሁ ዘመን ስለነበረ የሲኒማ ጉድ የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ፤ የዲላ፣ የያቤሎ፣ የሞያሌ፣ የአዶላ ልጆች በተለይ የቪዲዮ ቤት ጨዋታችሁን እፈልገዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት «ባለቤቴ ደመወዙን ደብቆኛል» ከምትል እህታችን ጋር እንገናኛለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!